የዘይኑልአቢዲን ካምቢዮ

ገብረ ሕይወት በደብረ ብርሃን መካኒኮች መሀል የታወቀ አንድ አመል አለው፤ እሱ ያደሰውን ካምቢዮ ሰው ከተጠራጠረበት ደሙ ይፈላል። ያዕቁብ ከአሊዩ አምባ ድረስ መጥቶ፣ የሟች ወንድሙን ካምቢዮ ለራሱ አሮጌ ላንድክሩዘር እንዲሰቅልለት ለመነው። ከገደል የወደቀ ነውና እስቲ ክፈተው ቢለው ግን ተቆጣ። በገዛ እጁ ያደሰውን ዕቃ ምን ሊያይ ይከፍተዋል! አሽከረከረው፣ ማርሾቹን አስገባ አወጣ፣ ዘይት ቀየረለት፣ ከመኪናው ሆድ ስር ተጋድሞ ሰቀለው።

የያዕቁብ ወንድም ዘይኑልአቢዲን፣ ይኸው ካምቢዮ በታደሰ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከአንኮበር ቁልቁል ገበያተኛ ጭኖ ሲወርድ ገደል ገብቷል። አብረውት ካለቁት አራት ሰዎች አንዷ የሰባት ዓመት ልጁ ነጅዋ ነበረች። የማርሹ ዘንግ ፎሌ ላይ፣ ምንም ማርሽ ሳይገባ፣ ተገኘ። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን አውጥቶ በፎሌ ሲንከባለል ነው የፈጃቸው ተባለ። ገብረ ሕይወትም ሲጠየቅ፣ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ ካምቢዮው ደህና ነበር» ብሎ መሰከረ። ከዚያ ወዲህ የሟቹን ሚስት ሰሊሃን ገበያ ላይ ሰላም የሚላት ጠፋ።

ገብረ ሕይወት መኪናውን ሊሞክር ያዕቁብን ከጎኑ አስቀምጦ የአንኮበርን ቁልቁለት ተያያዘው። በሁለተኛ ማርሽ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። አንዱን ጠመዝማዛ አልፈው ሌላው ላይ ሲደርሱ ማርሹ ቋ ብሎ ተፋ፤ ማንም ሳይነካው ዘንጉ ፎሌ ላይ ቆመ። መኪናው ተለቀቀ። ፍሬኑ አዲስ ባይሆን፣ መኪናውም ባዶ ባይሆን እነሱም አልቆላቸው ነበር። ከገደሉ አፋፍ ሁለት ክንድ ሲቀራቸው ቆሙ።

ያዕቁብ ትንፋሹ ሲመለስለት፣ «ያኔ ሲወድቅ ተጎድቶ ይሆናል» አለ።

አይ የዋህ! ማምለጫውን ራሱ ከፈተለት። ገብረ ሕይወትም አዎ ሊል ምንም አልቀረውም ነበር። ግን ልቡ እምቢ አለው። ከመኪናው ስር ገብቶ ከካምቢዮው ጎን ያለችውን ቡሎን ፈታ። ማርሹ እንዳይተፋ ይዛ የምታቆመው ስፕሪንግ መዳፉ ላይ ወደቀች። ካምቢዮውን ሲያድስ አዲስ ባጣ ጊዜ አሮጌዋን በፒንሳ ስቦ መልሶ የከተታት እሱ ነው። ተመልሳ አጥራለች። ይህን ገደል አያደርገውም።

«ወንድምህ ማርሹን አላወጣም» አለ ከተጋደመበት ሳይነሳ። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

ያዕቁብ አልመታውም። ለሰሊሃ በራስህ አፍ ንገራት ብሎት፣ መኪናውን ድንጋይ አስደግፈው በእግራቸው ወደ አሊዩ አምባ ወረዱ።

ሰሊሃን ማሽላ ስትለቅም አገኟት። ገብረ ሕይወት ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ከስፕሪንጓ እስከ ምስክርነቱ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ነገ ገበያው መሀል ቆሞ ይህንኑ እንደሚናገር፣ ፖሊስ ጣቢያም እንደሚሄድ ነገራት። ከዚያ አገር ሰው ጋር ኖሮ በለመደው ቃል፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ብሎ ለመናት።

ሰሊሃ ማሽላውን ከጭኗ አወረደች። አላለቀሰችም።

«የባሌ ጀናዛ ከዚህ ቤት ሲወጣ፣ ባልሽን አውፍ በይው ብለው ሽማግሌዎቹ ለመኑኝ» አለች። «ልጄን በላብኝ ብዬ እምቢ አልኩ። እንደተቀየምኩት ቀበሩት።»

ቀና ብላ አየችው።

«አንተስ በሕይወት አለህ፣ ነገም መጥተህ ትለምነኛለህ። እኔ እሱን የት ሄጄ ልለምነው?»