ማንም ያልመረመረው ግራጫ ድንጋይ

ጂኦሎጂስቷ የተላከችው ላለቀለት ጉዳይ ነበር። ኩባንያው የማዕድን ፍለጋ ፈቃዱን ሊመልስ ጫፍ ደርሷል፤ ሦስት ቀን ቆይታ «ቦታው ተስፋ የለውም» የሚል ሪፖርት ብትጽፍ ይበቃል ተብላለች።

ከዓመታት በፊት ተቆፍሮ የወጣው ድንጋይ በእንጨት ሣጥኖች ተሞልቶ መጋዘን ውስጥ ተደርድሯል። ጠባቂው ሽማግሌ ሣጥኖቹን እንዲጥሉ ሁለት ጊዜ ታዘው፣ ሁለቴም እሺ ብለው ሳይጥሉ ቀርተዋል። ለምን ብትላቸው፣ ሰው ይህን ያህል ለፍቶ ያወጣውን መጣል አንጀቴ እምቢ አለኝ አሏት።

የድሮውን መዝገብ ስታገላብጥ፣ ያኔ የመጡት ወርቅ ፈላጊዎች ወደ ላብራቶሪ የላኩት ወርቅ ይገኝበታል ያሉትን ነጩን ድንጋይ ብቻ መሆኑን አየች። ግራጫውን ዞር ብሎ ያየው የለም። አንድ ሣጥን ከፍታ ግራጫው ላይ ውሃ ረጭታ ማጉያ መነጽሯን ደቀነችበት። ደቃቅ ቢጫ ነጥቦች ከዳር እስከ ዳር ተነስንሰውበታል። ሌላ ሣጥን ከፈተች፤ ያው ነው። አሁንም ሌላ ከፈተች።

«ጋሼ፣ ይሄ ቢጫው ወርቅ አይደለም፤ መዳብ ያለበት ማዕድን ሳይሆን አይቀርም» አለች በሹክሹክታ።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ታዲያ ምን ያንሾካሹክሻል? እዚህ ያለነው እኔ፣ አንቺና አይጦቹ ነን» አሏት።

ሳቋ አመለጣት። እሳቸውም ተከተሏት፤ ሁለቱም ሣጥን ተደግፈው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ዓይን ያታልላልና ግራጫውን ቆርጣ ወደ ላብራቶሪ ላከች፤ አለቃዋንም ውጤቱ እስኪመጣ እንዲታገሥ በስልክ ለመነችው። በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ ለሌላ ሥራ ወጥታ በኩባንያው መኪና ስትመለስ ውጤቱ ስልኳ ላይ ገባ። መዳብ ነው፤ ያውም ከገመተችው በላይ። ልቧ ጮቤ ረገጠ። ሾፌሩ ምን ተገኘ ቢላት ምስጢር ስለሆነ መናገር አልቻለችም፤ አፏን በእጇ ይዛ ተንከተከተች። እሱም ምክንያቱን ሳያውቅ ሳቁ ተጋባበትና መሪው አልታዘዝ ሲለው መኪናውን ዳር አስያዘ።

ፈቃዱ ሳይመለስ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከተቆፈሩት ሦስት አዳዲስ ጉድጓዶች በመጀመሪያው መዳብ ተገኘ፤ ሁለተኛው ባዶ ሆነ፤ ሦስተኛው ግን የመጀመሪያውን አስረሳ። ለማዕድን ማውጫነት መብቃቱን ለማወቅ ገና ብዙ ቁፋሮ ስለሚቀር፣ በሪፖርቷ ላይ «ተጨማሪ ጥናት የሚገባው፣ ተስፋ ሰጪ ቦታ» ብላ ብቻ ጻፈች። ሙያው ከዚያ በላይ መፈንጠዝ አይፈቅድም። ሪፖርቱን ለአለቃዋ አስረክባ ስትወጣ ግን፣ የቢሮውን ደረጃ ሦስት ሦስቱን እየዘለለች ወረደች።