የኦስዊን ቅጠል

አባታችን ሲሞት ሎርድ የሆንኩት እኔ ነኝ፤ መሆን የነበረበት ግን ወንድሜ ኦስዊን ነው። በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ጥፋቱ ወላጆቻችን ከመጋባታቸው ትንሽ ቀደም ብሎ መወለዱ ብቻ ነው። የእናታችን የመጀመሪያ ባል ፍቺውን ሆን ብሎ ሲያጓትት፣ ኦስዊን ፍርድ ቤት ሳይጠብቅ ከች አለ። በእንግሊዝ ሕግ ወላጆች በኋላ ቢጋቡም እንዲህ ያለ ልጅ ማዕረግ አይወርስም። የእኛ ቤትና መሬት ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ማዕረጉን ተከትሎ ነው የሚሄደው።

ስለዚህ ለንደን ውስጥ ወይን ስሸጥ የኖርኩት ሰውዬ የርስታችን የስካርዴል ጌታ ሆንኩ። ጣሪያውን የሚጠግነው፣ በጎቹን የሚያዋልደው፣ የገበሬዎቹን ልጆች በስም የሚያውቀው ኦስዊን «የሎርዱ ወንድም» ሆኖ ቀረ። ማዕረጉን አልፈልግም ብል ለእሱ ያልፍ እንደሆነ ጠበቃ ጠየቅሁ። አያልፍም፤ እኔ እስክሞት ተዘግቶ ይቆይና ለልጄ ይሄዳል። ኦስዊን ደግሞ አንድም ቀን ፊቱን አጥቁሮብኝ አያውቅም። ቢቆጣኝ፣ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

በትልቁ ደረጃችን ግድግዳ ላይ የዘራችን ዛፍ ተስሏል። ከቤቱ የተወለደ ሁሉ ቅጠል አለው፤ አዲስ ሎርድ ሲመጣ ቅጠሉ በወርቅ ይቀባል። ኦስዊን ቅጠል የለውም። በዚያ ደረጃ በቀን ስንት ጊዜ ይወጣል ይወርዳል፤ ቀና ብሎ ሲያይ ግን አይቼው አላውቅም።

የእኔን ቅጠል ሊቀባ የመጣው ሚስተር ግራይስ የአውራጃውን ባላባቶች ዛፍ ሁሉ የሚሥል ሽማግሌ ነው።

«ለወንድሜም አንድ ቅጠል ሥራለት» አልኩት።

ብሩሹን አወረደ። «ለሚስተር ኦስዊን? እሳቸው ያውቃሉ?»

«አያውቅም፤ ላስደስተው ብዬ ነው።»

«እንደ ደንቡ ልሥራው ጌታዬ?»

«እንዴታ! ብቻ ከእኔ እንዳያንስ።»

ደንቡ ምን እንደሆነ ቆም ብዬ አላሰብኩም። ደግነቴ ራሴን አዙሮት ነበር።

እሑድ ዕለት ገበሬዎቹና ዘመዶቻችን ለምሳ መጡ። ሁሉም ደረጃው ሥር ሲሰበሰብ ግራይስ ሥዕሉን የሸፈነበትን መጋረጃ ሳብኩት። የእኔ ቅጠል ያብለጨልጫል። ከጎኑ የኦስዊን ስም ያለበት፣ ደም ሥሩ ሁሉ የሚታይ የሚያምር አረንጓዴ ቅጠል አለ። ግን እንደ ሌሎቹ በቀጥታ ከቅርንጫፉ አልወጣም። ከቅርንጫፉ ጋር ያገናኘው ጥምዝምዝ ያለ ቀጭን መስመር ነው። በእኛ ሰዎች ዘንድ ይህ መስመር ምን እንደሆነ ሕፃን እንኳ አይስተውም፤ ያለ ጋብቻ የተወለደ ማለት ነው።

አክስቴ ዊኒፍሬድ መነጽሯን አደረገች። «ፒርስ፣ የኔ ልጅ፣» አለች፣ «ዕድሜ ልካችንን አፋችንን ይዘን ያቆየነውን አንተ ግድግዳ ላይ ለጠፍከው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ኦስዊን ቀና ብሎ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ለሚስተር ግራይስ «እጅህ ይባረክ፣ ቆንጆ ነው» አለውና ወደ እንግዶቹ ዞረ። «በሉ ግቡ፣ ሥጋው ሳይቀዘቅዝ።» ጥብሱን ራሱ ቆራረጠ። አንዱን ገበሬ «ያ በግህ ዘንድሮም ከሚስትህ ይሸሻል ወይስ ለመደ?» እያለ አሳቃቸው።

እንግዶቹ ሲሄዱ መሰላልና የቀለም ቆርቆሮ ይዞ መጣ።

«ኦሲ፣ ተወው። ግራይስ ነገ መስመሩን ቀጥ ያደርገዋል፤ አዝዘዋለሁ።»

«ውሸት ይሆናላ። እዚህ ዛፍ ላይ ያሉት ውሸታሞች ይበቃሉ።»

«ይቅርታ አድርግልኝ።»

«አልተቀየምኩህም።» መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «ግን ፒርስ፣ እኔ ቅጠል ስጠኝ ብዬህ አውቃለሁ?»

ቅጠሉ ለእኔ ነበር። እሱን ባየሁ ቁጥር ሆዴን የሚበላኝ ነገር እንዲተወኝ ፈልጌ ነው።

«ያዝልኝ» አለ። መሰላሉን ያዝኩለት። ቀስ ብሎ ስሙን በቀለም ሸፈነው፤ ቅጠሉን፣ ከዚያም መስመሩን። አንድ ጠብታ እጄ ላይ ወረደች። አልጠረግኋትም።

ቀለሙ የግጦሹን በር የሚቀባበት አረንጓዴ ስለሆነ ከዛፉ ጋር አልገጠመም። ወደ ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ከወርቁ በፊት የሚያየው ያንን የቀለም እድፍ ነው። ምንድን ነው ሲሉኝ፣ እርጥበት ነው እላለሁ። ኦስዊን ዛሬም ጣሪያውን ይጠግናል፣ ዛሬም ጠዋት ጠዋት እንዴት አደርክ ይለኛል። በትልቁ ደረጃ ግን መውጣት ትቷል። በጓዳ በኩል፣ በሠራተኞቹ ደረጃ ነው የሚመላለሰው።