ፊታቸውን ወደ ቤት ያዞሩ ውሾች

የወጣውንም የገባውንም ለይቶ የሚያውቅ፣ ዘመንን በመዳፉ የያዘ እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ እኔ በዓይኔ ያየሁትን ያህል በእርሱ ፊት እናገራለሁ።

በዚህች የዴንማርክ ደሴት፣ በመርከበኞች ከተማችን፣ ባል ባሕር ላይ ሳለ ሚስት በመስኮቷ ያስቀመጠቻቸውን ሁለት ነጭ የሸክላ ውሾች ፊታቸውን ወደ ውጭ ታዞራለች፤ በሰላም ሲገባም ወደ ቤት ትመልሳቸዋለች። አላፊ አግዳሚው አይቶ ያውቃል፤ ማንም አይጠይቅም።

እትዬ ቶራ የመርከብ አዛዡ የአንከር ልጅ ናቸው። አባታቸው እርሳቸውን የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ ትተው ወደ ባሕር እንደ ወጡ ቀሩ። እናታቸው ውሾቹን ወደ ቤት ሳያዞሩ አርባ ዓመት ጠብቀው ዐረፉ፤ ቤቱም ለከተማው ተሰጥቶ ቤተ መዘክር ሆነ። እትዬ ቶራ ከዚያ ወዲህ ረግጠውት አያውቁም። ባለፈው ግንቦት፣ በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ሊያዩት ሲመጡ፣ የቤተ ክርስቲያኑን አሮጌ መዘምር እኔን አስከተሉ። ከእኔ ቀድመው እየተራመዱ፣ ጉልበቴ ከድምፄ በፊት በማርጀቱ ምእመናን ዕድለኞች መሆናቸውን ነገሩኝ።

ከደጁ ስንደርስ ግን ቆሙ። በመስኮቱ የሚታየው የውሾቹ ጀርባ ነበር።

«እናቴን ውሸታም አደረጓት» አሉ ቀስ ብለው።

ገብተው የቤቱን ጠባቂ ሊስቤትን ውሾቹን አሁኑኑ ወደ ውጭ እንድታዞርላቸው ጠየቋት። ሊስቤት ዕቃ መንካት በደንቡ የተከለከለ መሆኑን በትሕትና አስረዳች። እትዬ ቶራም የሊስቤት እናት ሳትወለድ እርሳቸው በዚህ ቤት ሳህን ይሰብሩ እንደ ነበር ነገሯት።

«እንግዲያው የጎደሉት ሳህኖች የእርስዎ ሥራ ናቸዋ፤ ስንት ዓመት ስፈልግ» አለች።

እትዬ ቶራ አልሳቁም። ያን ጊዜ ሊስቤት አንገቷን ደፋች፤ ውሾቹን ያዞረቻቸው ራሷ መሆኗን ተናዘዘች። ባሏ በዓመት ዘጠኝ ወር ባሕር ላይ ነው፤ በቤቷ ያሉት ውሾች ሁልጊዜ ወደ ውጭ ያያሉ።

«እዚያም መጠበቅ፣ እዚህም መጠበቅ ሲሆንብኝ አልቻልኩም፣ እማማ። አንዱ ቤት እንኳ ሰውየው የገባለት ይሁን ብዬ ነው። ካስከፋዎት እመልሳቸዋለሁ።»

እጇን ስትዘረጋ እትዬ ቶራ ክንዷን ያዙ።

«ተዪያቸው ልጄ። እናቴም ደክሟት ነበር፤ በቃሽ የሚላት አጥታ ነው እንጂ።»

ከዚያም በአባታቸው ወንበር ላይ የታሰረውን የክልከላ ገመድ ፈትተው ተቀመጡ፤ ሊስቤት እንዳላየች ሆና ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች። ጥቂት ቆይተው አባታቸው ገብተው ከሆነ ምሳው የት እንዳለ ጠየቁ። ሊስቤት ለራሷ የቋጠረችውን ዳቦና የተጠበሰ ዓሣ አወጣች። መብላት በተከለከለበት በዚያ ጠረጴዛ ላይ ለሦስት ቆረስነው፤ ማዕዱን የባረክሁት እኔ ነኝ፤ ለደንቡም ይቅርታን ለመንሁ።

ይህን ለምታነብቡ፣ ከቤታችሁ የወጣውን በሰላም ያግባላችሁ፤ ያልተመለሰውን በመንግሥቱ ያሳርፍላችሁ፤ የሚጠብቁትንም ሰዎች ልብ ያጽናና፤ አሜን።