የአባባ ጢሞ ድምፅ

አናጢው ከተቀበረ ብዙም ሳይቆይ የሰንበት ትምህርት ልጆች «አባባ ጢሞስ?» ማለት ጀመሩ።

አባባ ጢሞ የእጅ አሻንጉሊት ነው። ራሱ ከእንጨት የተጠረበ፣ ጢሙ ከበግ ጠጉር የተለጠፈ፣ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያኑ የልጆች ክፍል ከመጋረጃ በላይ ብቅ እያለ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ የሚያወራ ሽማግሌ። ራሱን የጠረበው አናጢው፣ ልብሱን የሰፋችው ሚስቱ ናት። ድምፁ ግን የአናጢው ብቻ ነበር። ልጆቹ ሰውየውን በመልክ እንኳ አያውቁትም፤ ቀድሟቸው ይገባል፣ ሲበተኑ ይወጣል። መሞቱንም የነገራቸው የለም። «አባባ ጢሞ መንገድ ሄዷል» ተባሉ።

«እስከ መቼ እንዲህ እንላቸዋለን?» አለ መጋቢው ሚስቱን ሊያጽናና በመጣበት ቀን። «እህቴ፣ ካንቺ ሌላ የሚያውቅበት የለም።»

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ እንጂ ተዋናይ ነኝ?» አለች። እምቢ ማለቷ ግን አልነበረም።

እሁድ ከመጋረጃው ጀርባ እጇን ወደ አሻንጉሊቱ ስታስገባ ውስጡ ሰፋት፤ የተለካው በእሱ እጅ ነው። «ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ?» ስትል ልጆቹ ተያዩ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ወላቃ ልጅ «ይሄ አባባ ጢሞ አይደለም!» አለች። አንዱ ማልቀስ ጀመረ። ሴትዮዋ ጭንቅ ሲላት ጉሮሮዋን ጠረገች፤ የባሏ ሻካራ ድምፅ ከአፏ ወጣ።

«አዪ፣ ሽማግሌ ጉንፋን ቢይዘው ትክዱታላችሁ?»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እሷ ግን ያንን ቃል አላሰበችውም ነበር።

«አንገትጌው ተተርትሯል፣ ልጠግነው» ብላ አሻንጉሊቱን ቤቷ ወሰደችው። መጠገኑ የአንድ አፍታ ሥራ ቢሆንም ሳምንቱን ሙሉ ከልብስ ስፌት መኪናዋ አጠገብ ከረመ። መጀመሪያ «ለእሁድ ልለማመድ» አለች። ኋላ ስትሰፋ ያዋራት ጀመር። «ክሩ ላልቷል» ይላታል፤ ስታየው እውነትም ላልቷል። ምሳዋን ስትረሳ ይቆጣታል። አፏ እንደሚንቀሳቀስ ታውቃለች፤ ቃሉ ከየት እንደሚመጣ ግን አታውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ያገባችው ልጇ ልትጠይቃት መጣች። በሩን ስታንኳኳ እናቷ «ማነው?» አለች። ወዲያው የአባቷ ድምፅ ከውስጥ ተከተለ፤ «ልጃችን ናት፣ ክፈቺላት እንጂ!»

የያዘችው ፌስታል ከእጇ አመለጠ፤ ብርቱካኑ በደረጃው ተንከባለለ።

«እማዬ፣ ከማን ጋር ነሽ?» አለች በሩ ሲከፈትላት።

«ከማንም።» አሻንጉሊቱ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። የእናቷ እጆች ባዶ ነበሩ።

«እማዬ፣ አባባን እኮ ቀብረነዋል።»

«እኔማ ቀበርኩት። እሱ ነው አልቀበር ያለኝ።»

ልጅቷ አቅፋት አለቀሰች። እናትየውን ግን ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ እንባ እምቢ ብሏታል።

በተከታዩ እሁድ ልጇም አብራት ሄዳ ከኋላ ተቀመጠች። ታሪኩ የአልዓዛር ነበር። አባባ ጢሞ፣ ሟቹ ሲጠራ ሰምቶ ከመቃብር መውጣቱን ሲተርክ ወላቃዋ ልጅ እጇን አወጣች።

«አባባ ጢሞ፣ የኔንም አያት ጥራልኝ። ሞታለች። አንተ መንገድ ሄደህ ተመልሰህ የለ? መንገዱን ታውቀዋለህ።»

መልሱ ጉሮሮዋ ውስጥ ሲንደረደር ሴትዮዋ ተሰማት። ምን ሊል ነው? «እሺ» ቢላትስ? በባዶ እጇ አፏን አፈነች። ከዚያ መጋረጃውን ገልጣ፣ አሻንጉሊቱን እንዳጠለቀች ወጣች።

«ልጆች» አለች በገዛ ድምጿ፣ በቀጭኑ፤ «አባባ ጢሞ መንገድ አልሄደም። ያጫውታችሁ የነበረው ባለቤቴ ነው። ሞቷል። እኔም እንዳንቺው ስጠራው ነበር የከረምኩት።»

«አልመጣም?» አለች ወላቃዋ ልጅ።

«አልመጣም፣ የኔ ልጅ። ሙታንን የሚጠራ ጌታ ብቻ ነው። አያትሽንም የሚጠራት እሱ ነው፤ መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም።» ይህን ስትል እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ልጅቷ ተነስታ መጣች። አሻንጉሊቱን ከሴትዮዋ እጅ አውልቃ የራሷን እጅ እስከ ክርኗ አስገባች። ሌሎቹ አንገታቸውን አስግገው ጠበቁ።

«ባዶ ነው» አለቻቸው ዞር ብላ። «ይሞቃል ግን።»

ተራ በተራ እየመጡ እጃቸውን አስገቡ። በመጨረሻ የአናጢው ልጅ ከኋላ ተነስታ መጣች፤ እጇን አስገብታ ቶሎ አላወጣችውም።

ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ ታሪኩን ያለ መጋረጃ፣ በራሷ ድምፅ ትነግራቸዋለች። ቤቷም ጸጥ አለ። አንዳንዴ ግን ስፌቷን ታቆምና፣ ጆሮዋን ወደ ጸጥታው ጣል አድርጋ ትቆያለች።