የአንድ ደቂቃዋ ካሜራ

ጣሊያን ቡታጅራ ገበያ ላይ ነጭ አቡጀዲ ወጥሮ ሲኒማ ያሳየ ቀን፣ ሀጀራ የሞተ አባቷን ሲራመድ አየችው። ለመንገድ ሥራ ተይዞ ከሄደ ወዲህ መርዶው እንጂ እሱ አልተመለሰም ነበር። አቡጀዲው ላይ ግን አባቷ ሙስተፋ ድንጋይ ተሸክሞ እያነከሰ ይሄዳል፤ ቆም ብሎ ላቡን ይጠርጋል። ከዚያ ጠፋ።

እናቷ ከድጄ ደግሞ ከክረምት ወዲህ ደም ትተፋለች። ቀኗ ሩቅ እንዳልሆነ ሀጀራን አልጠፋትም። "እሷንስ በኋላ ማን ያሳየኛል?" አለችና፣ ከከሳው የእናቷ ክንድ ላይ በራሱ የሚንሸራተተውን የብር አምባር ለምና ተቀብላ ሸምሶ ሱቅ ገባች።

ሸምሶ ከአዲስ አበባ ዕቃ እያመጣ የሚቸረችር ነጋዴ ነው። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ጣሊያን የሸጠለትን ሦስት ካሜራ ደረደረላት።

"ይቺ ርካሿ ናት። ፎቶ ብቻ ነው የምታነሳው።"

"ሰው የምታደርቀዋን ምን ላድርጋት ጋሽ ሸምሶ? እኔ የሚራመድ ነው የምፈልገው።"

"እንግዲያው ትልቋን ውሰጂ። አራት ደቂቃ ትቀዳለች። ግን በአምባር ብቻ አትሞከርም፤ ላም ጨምሪበት።"

"ላማችንን ጣሊያን በልቷታል። ከሆዱ አውጣልኝና ልጨምርልህ።"

ሸምሶ ግራ ቀኙን አየ። "ምላስሽን ሰብስቢ አንቺ ልጅ! ታስፈጂኛለሽ!"

የቀረችው መካከለኛዋ ነበረች። ቁልፏ እንደ ሰዓት ይጠመዘዛል፤ ውስጧ ያለው ፊልም የአንድ ደቂቃ ነው፤ ሌላ ፊልም የለም። ሀጀራ አገላብጣ አየቻት። አንድ ደቂቃ ከደጃፍ እስከ እንሰቱ አድርሶ ይመልሳል ብላ አሰላችና አምባሩን ሰጠች።

በማግስቱ ጠዋት ከድጄን ደግፋ ደጅ አወጣቻት። "በይ እማ፣ ወደ እንሰቱ ሂጂ" አለችና የካሜራዋን ቁልፍ ጠምዝዛ ለቀቀች።

ከድጄ ቀጥ አለች። እጇን ከጎኗ ለጥፋ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ዓይኗን ካሜራው ላይ ተክላ ቆመች። ለይለፍ ወረቀት ፎቶ ስትነሳ፣ ተነቃነቅሽ ብሎ ወታደሩ በጥፊ ብሏት ነበርና ያ ጥፊ እስካሁን አልወጣላትም።

"ተራመጂ እንጂ!"

"ይበላሻል" አለች ከድጄ፣ ከንፈሯን ሳታላቅቅ።

"ወላሂ አይበላሽም! ይሄኛው ሌላ ነው!"

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ዝም ብለሽ አንሺ።" ሳሉ ሲመጣባት እንኳ ጉንጯን ነፍታ ዋጠችው።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ሞተች። ሸምሶ ፊልሙን አዲስ አበባ ወስዶ አሳጠበው፤ በእጅ የሚዞር ትንሽ ማሳያም ተውሶ መጣ። በጠራራ ፀሐይ በሩን ዘግተው የሟችን ነጠላ ግድግዳው ላይ ሰቀሉ።

ከድጄ ብቅ አለች። ቆመች። ሸምሶ ሲያዞር፣ ሲያዞር፣ እሷ ያው ቆማለች፤ የለበሰችው ነጠላ ጫፍ ብቻ በነፋስ ይርገበገባል።

"ርካሿን ብትገዢስ ይሄው አልነበር?" አለ ሸምሶ፣ ሊያጽናናት ይሁን ሊተርባት ለራሱም ሳይገባው።

መጨረሻው ላይ ከድጄ ያለቀ መስሏት ትከሻዋን ለቀቅ አደረገች። ዞረች። ወደ ቤት አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፣ ጀርባዋ ብቻ። የተሰቀለው ነጠላ ባዶ ነጭ ሆነ።

"ትልቋ ብትሆን ኖሮ ቤት ትገባ ነበር" አለች ሀጀራ። ቀጥላም፣ "መልሰህ አዙርልኝ ጋሽ ሸምሶ። ከቆመችበት አይደለም፤ ከዞረችበት።"