ተመካክረን እንነግራችኋለን

ተመካክረን እንነግራችኋለን፣ ይህንኑ ነው ያለው፣ ሌላ ምን ሊል ኖሯል፣ ሰው ደጁ ቆሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ልጅዎን ፈልገን መጥተናል ሲለው በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የት አገር አለ፣ ለልጅቱስ ክብር ነው እንዴ፣ ዕቃ ናት ወይ በጠየቁ ሰዓት ከመደርደሪያ የምትወርድ፣ ተመካክረን እንነግራችኋለን ይባላል፣ ጠያቂዎቹም እጅ ነስተው ይሄዳሉ፣ ከሰነበቱ በኋላ ተመልሰው ይመጣሉ፣ ደንቡ ይኸው ነው። ታዲያ ያ ሰውዬ ፊቱ ለምን ጠቆረ። ሰዓቱን ለምን አየ።

አያሌው ከደጁ አልተነቃነቀም። የእንግዶቹ ፒክአፕ ከጎባ የሮቤን መንገድ ይዞ ቁልቁል ወርዷል፣ የረጨው ጭቃ አጥሩ ላይ አለ። አጠገቡ ጎረቤቱ ረጋሳ ከዘራውን ተደግፎ ይስቃል፣ እሱንም ለአክብሮት ብለው ነው ከእንግዶቹ ጋር ያቆሙት። ጥሩ መለስካቸው፣ ይላል ረጋሳ፣ እኔን የሚስቴ አባት አራት ጊዜ ነው ያመላለሰኝ፣ በአራተኛው ጫማዬ አልቆ ነበር፣ አዝኖልኝ ሰጠኝ። አያሌው አይስቅም። የመኪናውን ድምፅ ነው የሚያዳምጠው፣ እየራቀ ነው፣ መሪውን የሚመልስ ሰው ድምፅ አይደለም።

አባባ፣ ምን አደረጉ። ይህ አብዲ ነው፣ ሮቤ ላይ የሴቶቹን የእግር ኳስ ቡድን የሚያሠለጥነው፣ እንግዶቹን መንገድ መርቶ ያመጣቸው፣ እስከ መኪናው ሸኝቷቸው እየሮጠ ተመለሰ፣ ትንፋሹ ተቆራርጧል። ምን አደረግሁ። እምቢ አሏቸው እኮ። እምቢ አላልኩም። ተመካክረን አሉ። ተመካክረን ማለት እምቢ ነው እንዴ። ለእርስዎ አይደለም፣ ለእሱ ነው፣ የአዳማ ሰው ነው እኮ፣ ወላሂ፣ ጃርሱማ መሰለዎት እንዴ፣ ሚስት ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች መሰለዎት፣ ግራ ተመላላሽ ነው የሚፈልጉት፣ ምሳቸውን ሮቤ በልተው ወደ ጊኒር ያልፋሉ፣ እዚያ ሌላ ልጅ አለች፣ ዛሬ ከሰዓት ያይዋታል፣ ከጣመቻቸው እሷን ይወስዳሉ፣ አለቀ።

ታዲያ ረጋሳን ከነከዘራው ያቆምክልኝ አንተ አይደለህም ወይ፣ ልጅዎን ይስጡን እያለ የተናገረውስ ሰውዬው ራሱ አይደለም ወይ፣ እኔ በምን ልወቅ፣ ይላል አያሌው፣ በሆዱ። በአፉ የሚለው፣ እንዲያ ነው፣ ብቻ ነው።

አብዲ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይንቆራጠጣል። የአዳማው ሰው፣ አሠልጣኝ ፍቅረሥላሴ፣ አያነሳም። ለሐመልማል ልደውልላት፣ ይላል። አትደውል፣ ሮቤ ትምህርት ላይ ናት። ቅዳሜ ነው እኮ አባባ። ማጠናከሪያ አላቸው፣ አትደውል።

አንተ አያሌው፣ ዕድሜህን ሙሉ ዝም ብለህ ኖረህ፣ አንድ ቀን ሁለት ቃል ብትናገር ልጅቱን ገደል ከተትካት።

ካፖርቱን ይደርባል። የት ነው፣ ይላል ረጋሳ። ሮቤ። እግዜር ያሳይህ፣ የልጅቱ ወገን ጠያቂን ተከትሎ ሲሮጥ ማን አይቷል፣ ሰው ምን ይላል። አያሌው ሰው የሚለውን ከረጋሳ ባላነሰ ያውቀዋል፣ ጆሮው ከወዲሁ ግሏል፣ እግሩ ግን ወደ መናኸሪያው መሄድ ከጀመረ ቆይቷል።

ሮቤ ሮቤ ሮቤ፣ ግቡ አባባ፣ ሁለት ሰው ነው የቀረን፣ ይላል ረዳቱ፣ ሁለቱ ሰው ግን አምስት ሆነው እስኪገቡ ሚኒባሱ አይነሳም። አያሌው መስኮቱ ሥር ተጣብቋል፣ ጭኑ ላይ የሰው ጀሪካን አለ፣ የሪራ ማር ነው፣ ሴትዮዋ እንዳይፈስብኝ አባቴ ያዝልኝ ብላዋለች፣ ይይዛል። እሺ ውሰዷት። ይህን ነው የሚለው፣ ገና ሲገባ፣ ቁጭ ሳይል፣ እሺ ውሰዷት፣ አጭር ነው፣ አይጠምም፣ ለአዳማ ሰው ይገባዋል። ከሳኔቲ በኩል ጉም ይወርዳል፣ መስኮቱን ቢዘጉት አይዘጋም።

ውሰዷት ማለት ግን ምን ማለት ነው። ሰውዬው በደንብ አስረድቶታል፣ በደንብ ያልገባውን አብዲ ጨምሮለታል። የአዳማው ኮሌጅ ያስተምራታል፣ ያበላታል፣ ያስተኛታል፣ እሷ ትጫወትለታለች። ዲፕሎማ ነው፣ ዲግሪ አይደለም። ሰኞ መድረስ አለባት፣ የኮሌጆቹ ውድድር ሊጀመር ነው፣ ማትሪኩ ደግሞ ሰኔ ነው፣ ሰኞ የሄደች ልጅ ሰኔ ላይ አትፈተንም። ፈተና በየዓመቱ አለ አባባ፣ አለ ሰውዬው፣ እንዲህ ያለ ግራ እግር ግን በየዓመቱ አይገኝም። ግራ እግር። አሰፋሽ፣ ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ልጃቸው፣ የሐመልማል እናት፣ ደሎ መና አግብታ ከሄደች ወዲህ የልጅ ልጃቸውን ያሳደገቻት እሷ ናት፣ ገበታ ላይ በቀኝሽ ብዪ እያለች የግራ እጇን መታ መታ ታደርጋት ነበር፣ እጁን አረመች፣ እግሩን ማን አሰበው፣ እግሩ አመለጠ፣ ያመለጠው እግር ይኸው ከአዳማ ሰው አስመጣ፣ ሰማሽ አሰፋሽ።

ዝም ብላ ሰኔን ብትጠብቅስ። ብታልፍ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፣ እዚያም ቡድን አለ፣ የተጎዳ እግር የሚያቃና ትምህርት አለ አሉ፣ እሱን ነው የምታወራው፣ ታወራ የነበረው፣ ሰሞኑን ስለ ምንም አታወራም። ብታልፍ። ማለፊያው ሃምሳ ነው። የሞዴሉ ፈተና ላይ አርባ ሰባት ነው ያመጣችው፣ ሒሳቡ ነው የጎተታት፣ አርባ ሰባት፣ ማታ ስትነግረው ከሃምሳ ምን ያህል ይርቃል ብሎ ጠየቃት፣ ከዚህ እስከ በሩ፣ አለችው። በሩን አየው። በሩ ቅርብ ነበር። በሩ ግን ዝግ ነበር።

ቀርታ ብትወድቅስ። ያኔ ዩኒቨርሲቲውም የለ፣ አዳማም የለ፣ ያቺ የጊኒሯ ልጅ በእሷ አልጋ ተኝታለች፣ በእሷ ማሊያ ትሮጣለች፣ ሐመልማል ከእሱ ጋር ምድጃ ዳር ተቀምጣ፣ አንድ ሽማግሌና አንድ ግራ እግር፣ ዝናቡን ያያሉ። ቀርታ ብታልፍስ። ሄዳ ብትሰበርስ፣ እግር ይሰበራል እኮ፣ ኮሌጅ የተሰበረ እግር ያስተምራል ወይ፣ ይህን አልጠየቀም፣ መጠየቅ ነበረበት፣ የተማረ ሰው ቢሆን ይጠይቅ ነበር፣ በመሠረተ ትምህርቱ ዘመን ከሀ ተነሥቶ ሠ ሲደርስ የመንግሥት እርሻው ስንዴ ጫን ብሎ ጠራው፣ ከሠ ወዲህ ያለው ፊደል ሁሉ እስከ ዛሬ ለእሱ የሰው አገር ነው።

ከመንገዱ ግራና ቀኝ እርሻው ጥቁር ነው፣ ታርሶ ዝናብ ጠግቧል። እሷስ ምን ትላለች። ቀጥ ይላል። ጀሪካኑ ይወዛወዛል፣ ሴትዮዋ ቀስ አባቴ ትለዋለች። እሷን ማን ጠየቃት፣ እሱ አልጠየቃትም፣ ሰውዬውም አልጠየቃትም፣ አብዲ ምናልባት፣ እሱም ስለ ልምምድ እንጂ፣ ልጅቱ ላይ ሁሉም ይነጋገራል፣ ልጅቱ የለችም። ደንቡ እንዲያ ነው፣ ልጅት አትጠየቅም። ደንብ ደንብ ትላለህ፣ ደንብህ ዛሬ ምን አተረፈልህ። ዝም በል አሁን፣ ሰዓት የለም፣ እሺ ውሰዷት፣ እሺ ውሰዷት፣ ሮቤ ወራጅ አለ።

ፒክአፑ አንድ ሆቴል በር ላይ ቆሟል። ጭቃውን ከጫማው አራግፎ ይገባል። ምን ልታዘዝ አባባ፣ ይላል አስተናጋጁ። እጄን ልታጠብ። ከምግብ ቤቱ መግቢያ አጠገብ የእጅ መታጠቢያ አለ፣ አያሌው ቧንቧውን ይከፍታል፣ ውኃው እንደ በረዶ ነው፣ በመጋረጃው ክፍተት የፍቅረሥላሴን ጀርባ ያያል፣ ከፊት ለፊቱ የትምህርት ቤት ሹራብ፣ ደብተር የታቀፈች፣ ሐመልማል።

ደውሎላታል። አብዲ፣ አንተ ሰው አትሰማም።

አያቴ እምቢ አላሉም፣ ትላለች፣ ተመካክረን ካሉ ተመልሳችሁ ኑ ማለታቸው ነው፣ እኛ ጋ እንደዚያ ነው። ገባኝ፣ ይላል ፍቅረሥላሴ፣ ጥብስ እያኘከ፣ በቃ እንግዲህ አንቺ መጣሽ፣ ሰኞ አዳማ እንገናኝ። ሰኞ አልችልም፣ ከፈተናው በኋላ ልምጣ። ከፈተናው በኋላ ምን ልትሠሪ፣ ውድድሩ አለቀ፣ በጀቱም አለቀ፣ ሌላ ልጅ ገባች፣ ስሚ እህቴ፣ ስንት ልጅ አውቃለሁ መሰለሽ፣ ፈተና ብለው ቀርተው ኳሱም ፈተናውም ያመለጣቸው፣ ሞዴል ላይ ስንት አመጣሽ። አርባ ሰባት። አየሽ። የመጀመሪያው ሞዴል ላይ ሠላሳ ስምንት ነበረኝ። አያሌው እጁን ያጥባል፣ ታጥቦ የጠራውን እጅ እንደገና ያጥባል። ሠላሳ ስምንት፣ ይህን አልነገረችውም፣ ሠላሳ ስምንት የት ነበር፣ ከጓሮ ነበር፣ ከጓሮ ተነሥታ ነው በሩ ዘንድ የደረሰችው።

ካላለፍሽስ፣ ይላል ፍቅረሥላሴ፣ ድምፁ ክፉ አይደለም፣ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር። ካላለፍኩ አላለፍኩም፣ ትላለች፣ ድምጿ ይንቀጠቀጣል፣ ሳልፈተን ግን አልሄድም፣ ማለፌን ሳላውቅ ልኑር እንዴ፣ ኳስ ስጫወትም ፉጨቱ ሳይነፋ ከሜዳ አልወጣም።

አባባ፣ ውኃ ይዝጉ እንጂ፣ ይላል አስተናጋጁ ከኋላ፣ ታንከሩ ያልቅብናል።

ሁሉም ይዞራል። ፍቅረሥላሴ ከወንበሩ ይነሣል፣ ኧረ መጡ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ አባባ። አያሌው አይቀመጥም፣ ከእጁ ውኃ ይንጠባጠባል። ሐመልማል አታየውም፣ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ከጠረጴዛው ሥር የግራ እግሯ ወለሉን ይደበድባል፣ ቶሎ ቶሎ፣ አታውቀውም። እርስዎ ምን ይላሉ፣ የመጨረሻ ነው፣ ይላል ፍቅረሥላሴ፣ እኛ እየሄድን ነው። ከጎባ ይዞት የመጣው አፉ ውስጥ አለ፣ እሺ ውሰዷት፣ ምላሱ ላይ ተቀምጧል፣ ከንፈሩን ከፈት ቢያደርግ በራሱ ይወጣል፣ አንድ ቃል ቢል ልጅቱ ትሄዳለች፣ ታውቃለህ፣ እሱ ካላት ትሄዳለች፣ እየተንቀጠቀጠች ያወራችውን ሁሉ ትውጣለች፣ አልጋ ታገኛለች፣ እንጀራ ታገኛለች፣ ዲፕሎማ ታገኛለች፣ እሱም ጎኑ ያርፋል፣ ሲሞትም ደህና ቦታ አስቀምጫት ነው የሞትኩት ይላል፣ በል እንጂ አንተ።

ተናግራለች፣ ይላል።

ማለት።

እሷ ተናግራለች እኮ፣ እኔ ምን እጨምራለሁ።

ፍቅረሥላሴ ቆሞ ያየዋል፣ ከዚያ እሷን፣ ከዚያ ሰዓቱን። አይቆጣም። በርቺ፣ ይላታል፣ እጇን ይጨብጣል፣ የአያሌውንም እርጥብ እጅ ይጨብጣል፣ ሹፌሩን ይጠራል። ፒክአፑ ወደ ጊኒር ይታጠፋል፣ ይህን ጊዜ ድምፁን ማዳመጥ አያስፈልግም።

ጭቃውን እየዘለሉ ወደ ትምህርት ቤቷ ይሄዳሉ፣ ከሰዓት ሒሳብ አላት። ምን አደረግህ፣ ምን አደረግህ፣ ሦስት ነጥብ፣ አንድ ጥያቄ ስቶ አንድ ጥያቄ ማግኘት፣ የሕፃን እጅ የሚያህል ነገር ላይ ሰው ሁሉ ነገሩን ያስቀምጣል ወይ፣ አሁን ብትሮጥ እንኳ አትደርስበትም፣ ፒክአፑ ሲናና ዳር ደርሷል። ሐመልማል ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ተቆጡ እንዴ አባባ። አልተቆጣሁም። ታዲያ ለምን ዝም አሉ። መች አውርቼ አውቃለሁ። ትንሽ ትስቃለች፣ ሳቁ ቶሎ ያልቃል።

ባላልፍስ፣ ትላለች።

እንግዲህ መጣ። እግዚአብሔር ያውቃል ይባላል፣ ሁሉም ይለዋል፣ የማይረባ ነገር ነው፣ ልጅን ብቻዋን ጥሎ መሄጃ ነው። ታልፊያለሽ ይባላል፣ በምን ያውቃል፣ እሱ ሒሳብ ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም። የትምህርት ቤቱ በር ደርሰዋል። ጥበቃው ይከፍታል፣ ትገባለች ወይ ትቆማለች፣ ትቆማለች።

ያን ጊዜ አዳማ እሄዳለሁ፣ ይላል አያሌው።

ምን ሊያደርጉ።

ደጃቸው ልቆም። ልጄን ውሰዱልኝ ልል።

ሐመልማል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ፊቱን ታየዋለች፣ እሱ ጥበቃውን ያያል፣ ጆሮው ይግላል። እምቢ ቢሉስ፣ ትላለች። እቀመጣለሁ። አዳማ እኮ ሐሩር ነው አባባ፣ እርስዎ አይችሉትም።

ካፖርቴን አወልቃለሁ፣ ይላል።