ወይዘሮ ደብሪቱ ያልሸጡት

«ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይባላል። ይህን የሚለው ግን ብዙ ጊዜ የሚገነባው የሌለው ሰው ነው።

ነጋዴው አርአያ እሪ በከንቱ ያለውን ቦታ የገዛው ከወይዘሮ ደብሪቱ ነው። ቦታው በደጃፋቸውና በጊዮርጊስ መካከል ይገኛል። ወይዘሮዋ እግራቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ ቤተ ክርስቲያኑን የሚሳለሙት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ስለዚህ ዋጋውን በግማሽ ቀንሰው አንድ ቃል አስገቡት፤ እሱም ሆነ ከእሱ በኋላ ቦታውን የሚይዝ ሁሉ ጊዮርጊስን የሚጋርድ ነገር ላይሠራበት። ምስክር ቆመ፤ ቄስም ገዘቱበት።

አርአያ ዝቅ ያለች ሱቅ ሠርቶ ቃሉን ጠበቀ። አራዳ ላይ ፎቅ ቤት ሲበዛ እሱ አንጀቱ እያረረ ጠበቀ። አንድ ጊዜ ግን ለአጥር ያመጣውን የባሕር ዛፍ እንጨት እዚያው ቆለለውና ቁልሉ ቤተ ክርስቲያኑን ጋረደው። ወይዘሮዋ ይቆጡኛል ብሎ ቢጠብቅ ቃል አልተነፈሱም። በማግስቱ ጧት ብቅ ሲል፣ ሴትዮዋ ተረጋግተው ለባሕር ዛፍ ይሰግዳሉ። ዓይናቸው ጠፍቶ ኖሯል፤ ለማንም አልተናገሩም። መጀመሪያ ሳቁ መጣበት፣ ቀጥሎ ንዴቱ። በሳምንቱ ግንበኞች ጠርቶ ፎቁን አስጀመረ።

ወይዘሮ ደብሪቱ የመዶሻውን ድምፅ ሲሰሙ በሠራተኛቸው ተደግፈው ወጡና «በሕግ አምላክ» አሉ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ከተባለ የተከበረ መንገደኛ ቆሞ ይዳኛል። የቆሙት ባላምባራስ አጥናፉ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከበቅሏቸው ወርደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ቃሉን አልክድም» አለ አርአያ። «ግን ቃሉ የተገባው ለዓይናቸው ነው። ዓይናቸው ደግሞ ጠፍቷል። ማንን ልጎዳ ነው?»

«እውነት ነው?» አሉ ባላምባራስ ወደ ወይዘሮዋ ዞረው።

«እውነት ነው። ይህ እንዳይመጣብኝ ደብቄ ነበር።»

«ታዲያ ቢጋረድ ምን ይቀርብዎታል?»

«እኔ ባላየው እሱ ያየኛል፣ ጌታዬ።»

የተሰበሰበው ሰው ከንፈሩን መጠጠ። ባላምባራስ ግን በከንፈር መጠጣ የሚፈርዱ አልነበሩም።

«ስትገዛ ዋጋ ቀንሰውልሃል?» ሲሉ አርአያን ጠየቁት።

«በግማሽ።»

«ስለ ምን?»

አርአያ ወደ ጊዮርጊስ ዞሮ አየ።

«ያ አየር የእሳቸው ነው፤ አልሸጡልህም። ሰው ዓይኑ ቢጠፋ ርስቱን ጎረቤት አይወስድበትም። እሳቸው ቢሞቱም ደጃፋቸውን ለሚወርስ ይተላለፋል። ግንቡ ይፍረስ፤ እንጨቱም ይነሳ።»

ፈረሰ። ፍርዱ ትክክል ነው፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ወይዘሮ ደብሪቱ የረቱበት ቀን ምስጢራቸውም አደባባይ የወጣበት ቀን ሆነ። ቀድሞ በደጃፋቸው ያለፈ ሁሉ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ አያዩም ተብሎ ሰዉ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ያሳዝናል።

አርአያ ብቻ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ባርኔጣውን አውልቆ ዝቅ ብሎ እጅ ይነሳቸዋል። ፊቱ አሁንም እንደተኮሳተረ ነው። ሰዎች «አያዩህም እኮ» ብለው ሲስቁበት፣

«በዚህ ነገርማ አንዴ ተረትቻለሁ» ይላል።